ቁጥር ብቻ ይላኩ

ዶሃ፣ የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

…እማ ጣቷን ከወጋች በኋላ ደሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን ታዞረውና የሆነ ነገር ትለዋለች። ለደሙ። ይህን ያየሁት አንድ ጊዜ ነው፣ ለእረፍት በመጣሁበት ክረምት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ እንጂ ቃሉን አልሰማሁም። ዱዓ ይሁን ቁጣ እንጃ። ደብዳቤ ልጽፍልህ ተቀምጬ እጄ ከዚህ ጀመረ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ፣ ሀፊዜ። አላህ ደጃችሁን በሰላም ይሙላው። ኮምቦልቻ ሙቀቱ ጀመረ? እኔ ደህና ነኝ፤ የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት በክረምትም በበጋም ያው እንፋሎት ነው። በኢሜል የምጽፍልህ የድምፅ መልእክት ስልክልህ ሱቅህ ውስጥ ሰው ፊት ስለምትከፍተው ነው። ደግሞ ድምፄ ያጋልጠኛል። ስጽፍ የተረጋጋሁ እመስላለሁ።

የሠራህልኝ ፕሮግራም፣ ጀዛከላህ። መሪጌታ አግማስ ጠዋትና ማታ የእማን ስኳር ለክተው ቁጥሩን ሲልኩ፣ ያው ቁጥር እዚህ ስልኬ ላይ ሲወጣ፣ ደሴ ግቢያችን ውስጥ የቆምኩ ይመስለኛል። ከሰባ ከወረደ ስልኬ እንደሚጮህ ስለነገርከኝ ሥራዬን በሙሉ ልብ እሠራለሁ። ልጇ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም እዚህ ነኝ። መሪጌታ ተከራይ ሆነው ገብተው ወንድም ባይሆኗት ምን ይውጠኝ ነበር?

ሁለት ነገር ግን አለ። ባለፈው እሑድ መሪጌታ «142 ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ላኩ። ማሽንህ «ቁጥር ብቻ ይላኩ» ብሎ መለሰባቸው። ስደውልላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ፈጣሪን ማመስገን በእኛም በእናንተም የተፈቀደ ነው፤ የተከለከለው በአክስትሽ ልጅ ማሽን ብቻ ነው» አሉኝ። ሳቅን። ቅር እንዳላቸው ግን ገብቶኛል።

ሁለተኛው ይህ ነው፦ ያን ሰዓት ስልኬ ጮኸ፤ 0 ወጣ። ዜሮ። አንሶላ የጫንኩበትን ጋሪ መተላለፊያው ላይ ጥዬ ወጣሁ። እስክደውል፣ እስክታነሳ፣ «ምነው ልጄ፣ ቁርስ ላይ ነኝ» እስክትለኝ… እባክህ ዜሮ አታሳየኝ። ባዶም አታሳየኝ። የመጣው ነገር ካልገባው የቀድሞውን ቁጥር ያቆይልኝ።

ለመሪጌታ ደህና ስልክ ልኬያለሁ፤ ከዚህ የምትመለሰው ጎረቤታችን ጣይባ ታመጣልሃለች። የአማርኛ መጻፊያ ጫንላቸው። ደግሞ ረመዳን ደረሰ። ሐኪሙ «መርፌ እየወጉ አይጾሙም» ብሏታል። አልጾምም ብለሽ ማይልኝ ስላት «አላህ ያውቃል» አለችኝ። ሀፊዜ፣ «አላህ ያውቃል» ማለት እሺ ማለት ነው?

የአክስትህ ልጅ ረውዳ፣ መልስህን በጉጉት የምትጠብቅ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

እቴ ረውዳ፣ ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላህ ወበረካቱህ። ነገ ረመዳን ነው፤ አላህ ጾሙን ያግራልን፣ አንቺንም ካለሽበት በጤና ይጠብቅሽ። መልሴ ዘገየ። የዱቄት መጋዘኑ ሰዎች የዕቃ መቆጣጠሪያቸውን ካልጨረስክ ብለው ይዘውኝ ነበር።

ስልኩን ይዤ ደሴ ወጥቼ ነበር። መሪጌታ መጻፊያውን ሲያዩ እንደ ልጅ ደስ አላቸው። አንድ በአንድ እየነኩ፣ «ይህስ አለ? ይህስ?» ይሉኛል። የጎደለ አላገኙበትም። ከዚያ ክሳቸውን ጀመሩ።

«እና ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ብለው ማሽንህ ምን ይሆናል?»

«አይገባውም፣ መሪጌታ።»

«ማን አስተማረው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ ጥፋቱ የተማሪው አይደለማ!»

አክስቴ አልጋዋ ላይ ሆና፣ «ተዉት፣ ልጁ ቁጥር ነው የሚያውቀው» አለች። እኔን ይሁን ማሽኑን፣ አላጣራሁም።

ነገሩን ላስረዳሽ። ለማሽን የሚደርሰው ሁሉ ጽሑፍ ነው። 142 ብለሽ ስትልኪ እሱ የሚያየው ቁጥር አይደለም፤ ተከታትለው የቆሙ ሦስት ምልክቶች ናቸው። ስለዚህ መጀመሪያ ይጠይቃል፤ ይህ ጽሑፍ ቁጥር ነው? ነው ከተባለ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። እኔ ጥያቄውን በእጄ ጽፌው ነበር፦ እያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 9 ካሉት አንዱ ነው ወይ? በጣም ጥብቅ ነበር። ከቁጥሩ በኋላ ክፍት ቦታ ከተገኘ እንኳ ይመልሰዋል፤ ስልኩ ደግሞ ክፍት ቦታ ራሱ ይጨምራል። መሪጌታ ብዙ ጊዜ የተመለሰባቸው ለዚህ ነው። ጨዋ ሽማግሌን ማሽን ሲቆጣ አሳፈረኝ። ስለዚህ ትርፍ ክፍት ቦታውን መጀመሪያ እንዲቆርጥ አዘዝኩት፤ የኔን ጥያቄም አወጣሁና የፕሮግራም ቋንቋው ራሱ አዘጋጅቶ ያስቀመጠውን አስገባሁበት። እሱ ከኔ ይልቅ ቸር ነው።

ዜሮውንም አጥፍቼልሻለሁ። ያልገባው ነገር ከመጣ የቀድሞው ቁጥር እንዳለ ይቆያል።

ስለ ጾሙ አናገርኳት። «ሐኪሙ ወጣት ነው» አለች። ከዚያ ስለ አንቺ ጠየቀችኝ። በዚህ ዓመት ሁዳዴውም ረመዳኑም አንድ ላይ ገብተዋል፤ ግቢው ውስጥ ቀን የሚበላ ሰው የለም፣ ከእሷ በቀር። አብሽሪ።

ሀፊዝ፣ በዱዓሽ አትርሺኝ


ዶሃ፣ የካቲት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም፣ ወንድሜ። ጾማችሁን አላህ ይቀበላችሁ።

ቁጥሩ ደህና ነው። ያስጨነቀኝም ደህንነቱ ነው። ካለፈው በፊት ከነበረው ጁምዓ ጀምሮ ጠዋት 142፣ ማታ 142። በማግስቱ 142። የሰው ደም እንዲህ አንድ ቦታ ይቆማል? ትናንት ጋሪ እየገፋሁ ሳየው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ መሰለኝ። ፎቶ ደግሞ የሚሰቀለው… አልጨርሰውም።

ከሱብሂ በፊት ደወልኩላት፤ ሰዓቱን ተሳስቼ ነው። ወዲያው አነሳችው። ድምፅዋ የነቃ ሰው ድምፅ ነው፤ ከበስተጀርባ ሳህን ይንኳኳል።

«እማ፣ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ልሰግድ ተነስቼ።»

«ሳህኑስ?»

«ድመቷ ናት።»

ድመት አለን እንዴ?

«ማሽኑ ምን አለሽ?» አለችኝ።

«ደህና ናት አለኝ።»

«እንግዲያ ደህና ነኛ» አለችና ሳቀች። ሳቋ ቀጭን ነበር፤ በወንፊት ያለፈ ዓይነት። መሪጌታን አገናኚኝ ብላት «ተኝተዋል» አለች። ቀን ስደውልም ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

አንተ ቅርብ ነህ። ከኮምቦልቻ ደሴ አንድ ሚኒባስ ነው። ሄደህ ፊቷን አይልኝ። ፊቷ ምን እንደሚመስል ብቻ ጻፍልኝ።

ረውዳ፣ አላህ መንገድህን ያቅናልህ


ኮምቦልቻ፣ የካቲት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

እቴ ረውዳ፣ ሰላምና የአላህ እዝነት ካንቺ አይለይ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ ወዲያው አለመመለሴን ይቅር በይኝ።

ገጹን ከፍቼ አየሁት። የመሪጌታ መልእክቶች ጠዋትም ማታም መድረሳቸውን ያሳያል፤ ጽሑፋቸውን ግን አያሳይም። ከአዲሱ ስልክ ወዲህ አንድም አልተመለሰም። ይህ ጥሩ ምልክት ነው። ወጥ ቁጥር ማለት ምግቧና መርፌዋ ተስማምተዋል ማለት ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች የሚፈልጉት እንዲያውም እሱን ነው ይባላል።

(እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አጠፋሁ።)

ደሴ አልወጣሁም። መጋዘኑ ለበዓሉ ዕቃ እየገባለት ነው፤ ኃላፊው በላቸው «ያንተ ፕሮግራም ከቆመ ጆንያውን አንተ ትቆጥራለህ» ብሎኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ እሄዳለሁ። ልብሽን አታስጨንቂ።

ሀፊዝ


ዶሃ፣ መጋቢት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሀፊዝ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

ያጠፋኸው ዓረፍተ ነገር ምን ነበር?

አሁንም 142 ነው። ዛሬ ስደውል «ረውዳ» ብላ ሦስተኛው ፊደል ላይ ትንፋሽ አጠራት። የስሜን መጨረሻ ደገመችው። ከዚያ በእናቷ ስም ጠራችኝ።

ሂድና እያት። ስለ ማሽንህ ሌላ ነገር አትጻፍልኝ። ሂድ።


ደሴ፣ መጋቢት 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

እቴ፣ መጀመሪያ ይህን አንብቢ፦ በሕይወት አለች፣ አልሐምዱሊላህ። ሆስፒታል ናት። ትናገራለች። ነርሷን «ልጄ፣ እጅሽ ቀዝቃዛ ነው፣ በልተሻል?» ብላታለች። አሁን ሌላውን አንብቢ።

ትናንት ከቀትር በኋላ ደረስኩ። ሚኒባሱ ከኮምቦልቻ ሽቅብ ሲወጣ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ምን ብዬ እንደምገባ አስብ ነበር፤ ዝም ብዬ መጣሁ እላለሁ፣ በዚያ በኩል ሳልፍ እላለሁ። የምለው አላስፈለገም። አልጋዋ ላይ ነበረች፤ ሻሿ በላብ ረጥቧል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ስታየኝ «ሀፊዝ፣ ጆንያውን አስገባችሁ?» አለችኝ። ስለ መጋዘኑ ነግሬያት አላውቅም። እንዴት አወቀች? ወይስ ሌላ ጆንያ ነው?

መሪጌታ በአንድ እጃቸው የማር ጣሳ፣ በሌላው ስልኩን ይዘው ቆመዋል። ጥርሷን ነክሳለች፤ ማሩን አትቀበልም።

«አዛን አላለም» ትላለች። «አዛን አላለም።»

ጾማለች፣ እቴ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ጾማለች። መርፌዋን ግን አላቋረጠችም፤ ‹እወጋለሁ› ብላሻለች፣ ‹አልጾምም› ግን አላለችሽም፤ መርፌውን ማቋረጥ ልጇን መዋሸት መሰላት።

እኔ እለምናለሁ፤ ሐኪም እላለሁ፣ በሽተኛ ተፈቅዶለታል እላለሁ። አልሰማችኝም። መሪጌታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «መርየም፣» አሏት፣ «እኔም እስካሁን ውኃ አልቀመስኩም፤ ሰዓቴ አልደረሰም። ይኸው» ብለው ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ላሱ። «እኔ አፍርሻለሁ። አሁን ብቻዬን ልትተይኝ ነው?» ትክ ብላ አየቻቸው። ከዚያ አፏን ከፈተች።

ባጃጅ ላይ አቅፌያት ስንሄድ እኚህ ሰው ስልኩን ወደ ዓይኔ ያስጠጋሉ። «ላክሁ እኮ! ጠዋት ላክሁ፣ ማታ ላክሁ! ተመልከት!»

ተመለከትኩ። በየተራ ተደርድሯል። ፻፲፰። ፺፮። ፹፩። ፸፬። ትናንት ጠዋት ፶፰። በግዕዝ ቁጥር ነው የላኩት፣ እቴ። አዲሱ መጻፊያ ላይ ከቀናት በኋላ አገኟቸው። ዕድሜ ልካቸውን የቆጠሩበት እሱ ነው፤ የመዝሙሩን፣ የምዕራፉን፣ የዓመተ ምሕረቱን። እና በእያንዳንዱ ሥር የኔ ማሽን መልሶላቸዋል፦ «ደርሶናል፤ እናመሰግናለን።»

«ሃምሳ ስምንት እኮ ነው የሚለው!» አልኳቸው፤ ጮህኩባቸው። «ለምን አልደወሉም? ለምን አልተናገሩም?»

«ቁጥር ብቻ ላክ አላችሁኝ» አሉኝ። «ቁጥር ላክሁ። ከዚህ የበለጠ ቁጥር አለ? እናመሰግናለን አላችሁ። ሐኪሙ ያየዋል፣ ልጇ ታየዋለች፣ ዝም ካሉ የሚያሰጋ አይደለም ብዬ ተቀመጥኩ።»

«እየጾመች መሆኑንስ አያውቁም ነበር?»

መንገዱን ያዩ ጀመር። የባጃጁ ሹፌር ጡሩምባ እየነፋ ነው። «እኔ ራሴ የምጾም ሰው ነኝ» አሉ።



ሆስፒታሉ መተላለፊያ ላይ ኮምፒውተሬን ከፈትኩ። አንድ ዘመድ እንዲህ ያለ ቦታ ኮምፒውተር ይከፍታል? ከፈትኩ። የመሪጌታን ፶፰ አስገባሁ። መጀመሪያ ያ ቸሩ ጥያቄ መጣ፦ ይህ ጽሑፍ ቁጥር ነው? አዎን፣ ቁጥር ነው አለ። እውነቱን ነው፤ ፶፰ ቁጥር ነው። ከዚያ ሁለተኛው፦ ወደ ቁጥር ለውጠው። አልችልም አለ። ከግዕዝ ቁጥር ላይ እሴቱን ማውጣት አያውቅም። ቁጥር መሆኑን ያውቃል፣ ስንት መሆኑን አያውቅም። አልችልም ሲል ደግሞ እኔ ያዘዝኩት ተራ ይጠብቀዋል፦ ካልገባህ የቀድሞውን አቆይ። አቆየ። 142።

«ቁጥር ነህ?» እና «ስንት ነህ?» የሚሉትን አንድ ጥያቄ አድርጌ ይዣቸው ነበር። ሁለት ናቸው። መጠየቅ የነበረብኝ ሁለተኛውን ብቻ ነው፤ ለውጠው፣ ካልተለወጠ ጩህ። እኔ ግን መጀመሪያ አስፈቀድኩት፣ ከዚያ ዝም አሰኘሁት።

ያጠፋሁት ዓረፍተ ነገር «እኔም ፈርቻለሁ» የሚል ነበር።

ፊቷን ጠይቀሽኝ ነበር። አጥንቷ ወጥቷል። ዓይኗ ግን ያው ነው።

ሀፊዝ


ዶሃ፣ መጋቢት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

አሰላሙ አለይኩም፣ ሀፊዜ። አላህ ያቺን ደጅ ይጠብቅ፣ መሪጌታንም ይጠብቅ፣ አንተንም።

ደብዳቤህን ልብስ ማጠቢያው ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ሥራ አላቆምኩም። አንሶላ አጠፍኩ፤ ሌላ አጠፍኩ። ዜሮ እንዳታሳየኝ የለመንኩህ ትዝ አለኝ፤ አንተ ደብዳቤህ ውስጥ አላነሳኸውም። አላነሳኸውም። ሁለቴ ፈለግኩት።

ለመሪጌታ ደውዬ ነበር። «ይቅር በይኝ» ሊሉኝ ሲጀምሩ አቋረጥኳቸውና የጾማቸውን ነገር ጠየቅኳቸው፤ ያፈረሱትን። «እሱ የኔና የነፍስ አባቴ ነው፣ አንቺ አትግቢበት» አሉኝ። ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም።

እስከዛሬ ቁጥር ላክልኝ እልህ ነበር። አሁን ሌላ እለምንሃለሁ። መሪጌታ የፈለጉትን ይጻፉ፤ በቃልም፣ በግዕዝም፣ እግዚአብሔር ይመስገንም ይበሉ። ማሽኑ ካልገባው አልገባኝም ይበል፤ ለኔም ይንገረኝ። ዜሮም ከሆነ ዜሮውን ልየው። ደግሞ እማን ወደ አንተ ውሰዳት፤ ከኢድ በኋላ እንኳ። ኮምቦልቻ ሆና ዓይንህ ሥር ትዋል። ጾም እንዳትይዝ አድርጋት።

እንዴት ነው የሚደረገው አትበለኝ። አላውቅም።

ረውዳ


ደሴ፣ መጋቢት 14 ቀን 2018 ዓ.ም.

እቴ ረውዳ፣ ኢድ ሙባረክ፣ ዘግይቶም ቢሆን። አላህ ለመጪው በአንድ ማዕድ ላይ ያድርሰን። ሐኪሙ መርፌዋን ቀንሶላት ለኢድ ቤቷ ገብታለች። ዶሮ አስቀመሱኝ። መሪጌታ ከሩቅ ተቀምጠው «ሽታው አያስፈስክም» እያሉ ሲቀልዱብን ነበር።

ፕሮግራሙን አስተካክያለሁ። አሁን አያስፈቅድም፤ ቀጥታ ይለውጣል፣ ካቃተው ያቃተውን ራሱን እንዳለ ወደ አንቺ ይልካል። የግዕዙንም ማንበብ በእጄ አስተማርኩት፤ መቶው አስሩን ሲቀድም፣ አስሩ አንዱን ሲቀድም። መሪጌታ ፈተኑት። ባዶ ላኩለት፤ አልገባኝም አለ። ክፍት ቦታ ብቻ ላኩለት፤ አልገባኝም። ከፊቱ የመቀነስ ምልክት ያለበት ላኩለት፤ «ይህ ቁጥር ነው፣ የሰው ስኳር ግን አይደለም» አላቸው። «አሁን ሰው ሆነ» አሉኝ። ከዚያ «መርየም ዛሬ ሳቀች» ብለው ላኩ። አንቺ ጋ እንዳለ ደርሷል አይደል?

ወደ ኮምቦልቻ እንድትመጣ ለመንኳት። «ኮምቦልቻ ሙቀት ነው» አለች። ጣይባን አስለመንኳት። «ጣይባም ሙቀት ናት» አለች። ግቢዋን ትታ ብትሄድ መሪጌታ ብቻቸውን እንዴት ይፈስካሉ፣ እሱም አለ።

ይህን የምጽፍልሽ ግቢው ውስጥ ተቀምጬ ነው፤ ጠዋት ነው። ጣይባ ያመጣችላት ገንፎ ሳይነካ ቆዳ አውጥቷል። ሻዩም እንዳለ ነው። መለኪያውን ይዤ ወደ እሷ ቀረብኩ።

«አክስቴ፣ ጣትሽን።»

«ያፈረስኩት አለብኝ፣ ሀፊዝ» አለች። «ሆስፒታል የተኛሁበት። ቀዷ አለብኝ፣ ጾሜ ልተካው።»

«ላንቺ ፊድያ ይበቃል፤ ስለ እያንዳንዱ ቀን አንድ ሚስኪን ታበያለሽ። ሼሁም ብለዋል፣ ሐኪሙም ብሏል።»

«ፊድያ ለደከመ ሰው ነው።»

«አንቺስ?»

መሪጌታ ከደጃቸው ሆነው ያዩናል፤ ስልኩን አንስተዋል፣ ይጠብቃሉ። እኔም የሚናገሩልኝ መስሎኝ ጠበቅኳቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ ግን የለም።

እጇን ዘረጋች። ጣቷን መሰለኝ። መዳፏን ገልብጣ ነው የዘረጋችው፤ መለኪያውን አምጣ ማለቷ ነው። ሰጠኋት። ከነመርፌው፣ ከነወረቀቱ።

«ዛሬ ራሴ አየዋለሁ» አለች።

«ለረውዳ ምን ብዬ ልላክላት?»

«ደህና ናት በላት።»

«ስንት ነው ብትለኝስ?»

ነጠላዋን ከትከሻዋ ሰብስባ ተነሳች። እግሯ አልተንቀጠቀጠም፣ ወይም እኔ አላየሁም። በአጠገቤ አለፈች። ወደ ጓዳ ገባች። በሩ ተዘጋ።